ላሞችዎን በሜትር፣ በቴርሞሜትርና በደብተር መከታተል

ከሱሉልታ እስከ ሆለታ፣ ከሰበታ እስከ ቢሾፍቱ፣ ሦስት አራት ዲቃላ ላም ይዞ ወተት የሚሸጥ ቤተሰብ ብዙ ነው። በአብዛኛው ቤት «ላሟ ታማለች» የሚባለው መኖ እምቢ ያለች ቀን ነው። ከዚያ ቀን በፊት ግን ወተቷ ቀንሶ፣ ሙቀቷ ከፍ ብሎ፣ ማመስኳቷም ላልቶ ነበር። ምልክቱ አልጠፋም፤ የለካ ሰው ነው የጠፋው።

ከዚህ በታች የተዘረዘረው ከሁለት እስከ አሥራ አምስት ላም ላለው ሰው የሚሆን አሠራር ነው። ዕቃው ጥቂት ነው፦ ደብተር፣ ሊትሩ የተጻፈበት ጆግ፣ ዲጂታል ቴርሞሜትር፣ የማይለጠጥ ገመድ፣ የአናጢ ሜትር፣ ተንጠልጣይ ሚዛን፣ አሮጌ ወንፊትና የጡት በሽታ መመርመሪያ ሰሌዳ። የሚከብደው ሥርዓቱን መጠበቅ ነው፦ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ መለኪያ። የጎረቤት ላም ስንት ሊትር እንደምትሰጥ ለወሬ ይጠቅም ይሆናል፤ የእርስዎ ላም የምትወዳደረው ከራሷ ካለፈው ሳምንት ጋር ነው።

1. ደብተሩን በረት ውስጥ ይስቀሉ

ለእያንዳንዷ ላም አንድ ገጽ ይመድቡ። የጆሮ ቁጥር ካላት ቁጥሯን፣ ከሌላት ስሟንና መልኳን ይጻፉ። ከሥሩ የተወለደችበት ቀን፣ የወለደችባቸው ቀኖች፣ የተዳቀለችበት ቀንና የኮርማው ቁጥር፣ የተከተበችው ክትባት፣ የወሰደችው መድኃኒት ይሰፍራሉ። ከደብተሩ ኋላ ደግሞ ለዕለት ወተት ሰንጠረዥ ያስምሩ። ደብተሩ ከስክሪብቶው ጋር በገመድ ታስሮ ላሞቹ የሚታለቡበት ቦታ ይንጠልጠል። ሳሎን ከተቀመጠ ማታ ላይ በግምት መሞላቱ አይቀርም፤ በግምት የተሞላ መዝገብ ደግሞ ባይኖር ይሻላል።

የእኛ አቆጣጠር ለዚህ ሥራ በጣም ይመቻል። ላም በአማካይ 283 ቀን ታረግዛለች። ወሩ ሁሉ ሠላሳ ቀን ስለሆነ፣ በተዳቀለችበት ቀን ላይ ዘጠኝ ወርና 13 ቀን መጨመር ነው። ጥቅምት 10 የተዳቀለች ላም ሐምሌ 23 አካባቢ ትወልዳለች ማለት ነው። በመካከል ጳጉሜን ከገባች፣ አምስቱን ቀን ከ13ቱ ላይ ቀንሰው 8 ብቻ ይጨምሩ፤ ጥር 10 የተዳቀለችው ጥቅምት 18 ግድም ትደርሳለች። ከመውለጃዋ ሁለት ወር ወደኋላ ቆጥረው ወተት የምትነጥፍበትን ቀን ያስገቡ፤ ለመጀመሪያዋ ላም ግንቦት 23 ይሆናል። ከተዳቀለች በኋላ ያለውን 21ኛ ቀንም ያክብቡበት። በዚያ ቀን ኮርማ ከፈለገች አልያዘችም፤ ካልፈለገችም እርግጠኛ ለመሆን ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ባለሙያ ይመርምራት።

2. የእያንዳንዷን ወተት ለየብቻ ይለኩ

ብዙ ሰው የሚያውቀው የበረቱን ጠቅላላ ወተት ነው። ጠቅላላው ግን ይደብቃል፤ አዲስ የወለደችው ስትጨምር የታመመችው መቀነሷ አይታወቅም። ጠዋትና ማታ የእያንዳንዷን ለየብቻ ይለኩ። በጆግ ከሆነ አረፋው እስኪወርድ ይታገሡ፤ በሚዛን ከሆነ የባልዲውን ክብደት ይቀንሱ። አንድ ሊትር ወተት ከአንድ ኪሎ ጥቂት ነው የሚበልጠው። ጥጃ ጠብቶ ከሆነ አጠገቡ «ጠብቷል» ብለው ይጻፉ።

አነባበቡ እንዲህ ነው። ከአራቱ ላሞች የአንዷ ብቻ ከቀነሰ ችግሩ ያለው በላሟ ላይ ነው፤ ወደ ቴርሞሜትሩና ወደ ጡት ምርመራው ይሂዱ። የአራቱም አብሮ ከቀነሰ ላሞቹን ትተው መኖውን፣ ውሃውንና አላቢውን ይመልከቱ፦ ፋጉሎው ከሌላ ነጋዴ ተገዝቷል? ትናንት ቧንቧው ጠፍቶ ነበር? አላቢው ተቀይሯል? በእኔ ግምት ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው ቢኖር ይህን ቢይዝ ይበቃዋል። ለምሳሌ ቦራ የምትባል ላም ጠዋት ጠዋት 7 ሊትር ስትሰጥ ቆይታ አንድ ቀን 6.8፣ በማግሥቱ 5.5 ብትሰጥ፣ የመጀመሪያው ቀን ቅናሽ ተራ ነገር ነው፤ ሁለተኛው ግን ከአምስት አንድ እጅ በላይ ስለሆነ ያን ዕለት ሳትመረመር መዋል የለባትም።

3. ሙቀቷን ይለኩ፣ ትንፋሿን ይቁጠሩ

ለሰው የሚሸጠው ዲጂታል ቴርሞሜትር ይሠራል፤ ለከብት ብቻ የተለየ ይሁን። በጫፉ ገመድ ይሰሩ፤ በገመዱ ሌላ ጫፍ የልብስ መቆንጠጫ አስረው የጅራቷን ፀጉር ያስነክሱ። ይህ ካልተደረገ ቴርሞሜትሩ ወድቆ መሰባበሩ ነው፣ ወይም ወደ ውስጥ መግባቱ። ቫዝሊን ቀብተው፣ ከጎኗ ቆመው፣ ጅራቷን ከፍ አድርገው በፊንጢጣዋ ያስገቡና ጫፉን ወደ ጎን አዘንብለው ከግድግዳው ጋር ያስነኩ። እበት መሃል ከተሰካ የሚያነበው የእበቱን ሙቀት ነው። ድምፅ እስኪሰጥ ይጠብቁ።

የጤነኛ ላም ሙቀት ከ38 እስከ 39.3 ዲግሪ ነው። ጠዋት ከመሰማራቷ በፊት ይለኩ፤ ከሰዓት በኋላና ከጉዞ በኋላ ያለ ችግር ከፍ ይላል። 39.5ን ካለፈ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይድገሙት፤ አሁንም ካልወረደ ሐኪም ይጠራ። አዲስ የወለደችን ላም ለመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት በየጠዋቱ መለካት ልማድ ይሁን፤ የማኅፀን ብግነትም ሆነ ድንገተኛ የጡት በሽታ በዚህ ጊዜ ነው የሚመጣው።

ዝቅ ማለቱም ያስፈራል። በወለደች በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ጆሮዋ የቀዘቀዘ፣ መነሣት ያቃታት፣ አንገቷን ወደ ጎኗ ያጠፈች ላም ካልሲየም አጥሯታል፤ ሙቀቷ ከ38 በታች ሊወርድ ይችላል። ይህ በሰዓታት የሚገድል ነገር ስለሆነ እስኪነጋ አይጠበቅበትም።

ትንፋሽ ለመቁጠር የጎኗን ከፍና ዝቅ ማለት ለግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ነው። ዐርፋ ሳለች በደቂቃ ከ15 እስከ 35 ቢሆን ደኅና ነው።

4. ደረቷን ይለኩ

የመሬት ሚዛን በየበረቱ የለም፤ ክብደት ግን ለመኖም ለመድኃኒትም ያስፈልጋል። በግምት ያነሰ የትል መድኃኒት የተሰጣት ላም ገንዘቡም ይባክንባታል፣ ትሉም አይለቃትም፤ የተረፈው ትልም መድኃኒቱን እየለመደ ይሄዳል።

የልብስ ሰፊ ሜትር አያዋጣም፤ 150 ሴንቲ ሜትር ላይ ያልቃል። የደረሰች ዲቃላ ላም የደረት ዙሪያ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። የማይለጠጥ ገመድ ወስደው፣ ከሻኛዋ ኋላ፣ ከፊት እግሮቿ ሥር ወዲያው በስተኋላ ዙሪያዋን ያስሩ። ገመዱ ቆዳዋን ይንካ እንጂ አይጭመቅ። ሲገናኝ በጣትዎ ይዘው አውጥተው በአናጢ ሜትር ይለኩት። ላሟ በአራቱም እግሮቿ እኩል ቆማ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ትሁን፤ ሣር ልትግጥ ካጎነበሰች ቁጥሩ ይለወጣል። ሁልጊዜ ጠዋት፣ ከመኖና ከውሃ በፊት ይለኩ።

ቀጥሎ ርዝመቷን፣ ከትከሻዋ አጥንት ጫፍ እስከ መቀመጫዋ አጥንት ጫፍ ይለኩ። የደረቱን ዙሪያ በራሱ አባዝተው፣ ውጤቱን በርዝመቱ አባዝተው፣ ለ10,840 ያካፍሉ። ደረቷ 170፣ ርዝመቷ 140 የሆነች ላም 373 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። በደረት ልኬት አምስት ሴንቲ ሜትር መሳሳት ከ20 ኪሎ በላይ ስለሚያዛባ ሁለት ሦስት ጊዜ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ይበጃል። ቀመሩ የወጣው በፈረንጅ ከብት ነው፤ በሐበሻ ላም ላይ ስህተቱ ሊሰፋ ይችላል። እንዲያም ሆኖ በየወሩ በተመሳሳይ ገመድ የሚለካው ቁጥር መጨመሩን ወይም መቀነሱን በደንብ ያሳያል። ለጊደሮች ደግሞ ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለም፤ ዕድሜዋ ቢደርስም ክብደቷ የእናቷን 60 በመቶ ያልሞላ ጊደር ለማዳቀል አይቸኩሉ።

5. ገላዋን በእጅ ይዳስሱ

ዓይን ይታለላል፤ ፀጉር ከስትን ይሸፍናል፣ እርግዝና ሆድን ይነፋል። ስለዚህ እጅዎን ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ፣ ወገቧ ላይ ያሳርፉ። ቡጢ ጨብጠው ጉልጥምትዎን ሲዳስሱ እንደሚሰማዎት ሹል ሹል አጥንት ከተሰማዎት ከስታለች። አጥንቱ ትንሽ ጫን ሲሉ ብቻ ከተገኘ ደኅና ላይ ናት። ጫን ብለውም ካልተገኘ ወፍራለች። ከዚያ የጅራቷን ሥር ይዩ፤ ግራና ቀኙ ጎድጉዶ ከታየ ከስታለች፣ በስብ ከተሞላ ወፍራለች።

ባለሙያዎች ለፈረንጅና ለዲቃላ ወተት ላም ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣሉ። ሻኛ ላላቸው ከብቶች ደግሞ አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ እንስሳት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1986 ዘጠኝ ደረጃ ያለው መመሪያ አሳትሟል። በአምስቱ ነጥብ ከሄዱ፣ ላም ስትወልድ 3 ወይም 3.5 ላይ ብትሆን መልካም ነው። ከወለደች በኋላ ትከሳለች፤ በሁለት ወር ውስጥ ከአንድ ነጥብ በላይ ከወረደች ግን ኮርማ መፈለጓ ይዘገያል። ነጥቡን ስትነጥፍ፣ ስትወልድና ከወለደች ሁለት ወር ሲሞላት ይመዝግቡ። በየወሩ ከኋላና ከጎን በስልክ ፎቶ ማንሣትም ይረዳል፤ በየቀኑ የሚያያት ሰው መክሳቷን አያስተውልም።

እዚህ ላይ ስለ ጾም አንድ ነገር ልበል። በሁዳዴ ወተት ፈላጊ ያጣል፤ ብዙ አርቢ ያን ጊዜ ፋጉሎውን ይቀንሳል። ስሌቱ ይገባኛል። ሆኖም በቅርብ የወለደች ላም በእነዚያ 55 ቀናት ሥጋዋን ከጨረሰች፣ ፋሲካ ላይ መኖው ቢመለስላትም ወተቷ እንደ ድሮው አይመለስም፣ መዳቀሏም ወራት ይጎተታል። መቀነስ ግድ ከሆነ፣ መውለጃዋ ሩቅ ሆኖ ደኅና ገላ ካላት ላም ይቀንሱ። ይህን የሚነግርዎት የነጥቡ መዝገብ ነው።

6. መኖውን ይመዝኑ፣ ውሃውን ይቁጠሩ

በጣሳ መስፈር የተለመደ ነው፤ ግን አንድ ጣሳ ፍሩሽካና አንድ ጣሳ ፋጉሎ እኩል አይመዝኑም፤ ፍሩሽካው በጣም ይቀላል። ጣሳዎን በእያንዳንዱ መኖ ሞልተው በተንጠልጣዩ ሚዛን ይመዝኑና ክብደቱን በበረቱ ግድግዳ ላይ በከሰል ይጻፉ። መኖ በተገዛ ቁጥር ይድገሙት።

ላም በቀን የክብደቷን 3 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። 400 ኪሎ የምትመዝን ላም 12 ኪሎ ማለት ነው። ድርቆሽ ውስጥ ውሃው ጥቂት ስለሆነ የተመዘነው ከሞላ ጎደል ደረቁ ነው። እርጥብ ሣር ግን ከአምስት አራት እጁ ውሃ ነው፤ 12 ኪሎ ደረቅ ለማግኘት 60 ኪሎ እርጥብ ሣር ማጨድ ያሻል። «ሸክም ሙሉ ሣር ሰጥቻታለሁ» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ሩቡን ነው የሰጠው። ለተቀነባበረ መኖ የተለመደው ልክ ለአንድ ሊትር ወተት ግማሽ ኪሎ ነው። 12 ሊትር የምትሰጥ ላም 6 ኪሎ ትወስዳለች፤ በአንዴ ሳይሆን በሁለት ወይም በሦስት ተከፍሎ፣ ከ7 ኪሎ ካላነሰ ድርቆሽ ጋር።

ጠዋት ግርግሙን ሳያጸዱ የተረፈውን ይመልከቱ። ግርግሙ ተልሶ ከጸዳ አልጠገበችም። ትንሽ ድርቆሽ ከተረፈ ልኩ ነው። ብዙ ከተረፈ ወይ መኖው ሻግቷል ወይ ላሟ ታማለች፤ የቱ እንደሆነ የሚለየው ሌሎቹ ላሞች መተዋቸው ወይም አለመተዋቸው ነው።

ፋጉሎን ከመግዛትዎ በፊት ሰብረው ያሽትቱ። ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት በአዲስ አበባ ዙሪያ በተደረገ ጥናት በተመረመሩት የወተት ናሙናዎች ሁሉ አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ተገኝቷል፤ ዋናው ምንጭም የኑግ ፋጉሎ መሆኑ ታይቷል። መርዙ ወተቱ ሲፈላ አይጠፋም። የሸተተ፣ የረጠበ ወይም አረንጓዴ ያበቀለ ፋጉሎ በርካሽ ቢሰጥዎትም አይውሰዱ፤ የገዙትንም ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ ይደርድሩ።

ውሃን በጀሪካን ይቁጠሩ። ለአንድ ሊትር ወተት ከ3 እስከ 5 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል፤ 12 ሊትር የምትታለብ ላም በቀን ሦስት አራት ጀሪካን ባለ 20 ሊትር ልትጨርስ ትችላለች። በቀን ሁለቴ ባልዲ እየቀረበላት ወተት ቀነሰች ብሎ መኖ መጨመር ከንቱ ወጪ ነው።

7. ስታመሰኳ ይቁጠሩ፣ እበቷን ይጠቡ

ከበሉ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተው ሳይረብሹ ይግቡ። ከተኙት ላሞች ቢያንስ ግማሾቹ ማመስኳት አለባቸው። አንዷን መርጠው፣ የተመለሰው ምግብ ወደ አፏ ከመጣበት እስክትውጠው ድረስ ስንት ጊዜ እንዳላመጠች ይቁጠሩ። ከ50 እስከ 70 ጥሩ ነው። ከ50 በታች እየሆነ ከሄደ ፍሩሽካና ፋጉሎ በዝቶ ድርቆሽ አንሷታል። ስትቆም ደግሞ በግራ በኩል፣ ከጎድን አጥንቷ ኋላ ባለው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ቡጢዎን ያሳርፉ፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲገፋዎት ይሰማዎታል። ካልተሰማዎት ሆዷ ሥራ አቁሟል።

እበት ብዙ ይናገራል። ደኅናው ሲወድቅ ተዘርግቶ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይይዛል፣ መሃሉም ሰርጎድ ይላል። ቀጥኖና አረፋ ይዞ ከፈሰሰ ጥራጥሬውና ፍሩሽካው በዝቷል። ደርቆ እንደ ክምር ከቆመ ውሃ ወይም ፕሮቲን አንሷል፤ ልጋግ ከለበሰው ሆዷ ታሟል። አንድ እፍኝ ወስደው በወንፊት ላይ ውሃ እያፈሰሱ ይጠቡት። ወንፊቱ ላይ የሚቀረው ደቃቅ ጭረት ከሆነ ተፈጭቷል። ሙሉ የገብስ ወይም የበቆሎ ፍሬ ከቀረ ግን ገንዘብዎ በእበት እየወጣ ነው፤ እህሉን ከክተው ይስጡ፣ ድርቆሹን ይጨምሩ።

ረግረግ አካባቢ የሚሰማራ ከብት ካለዎት ሌላም ነገር አለ። ከመንጋጋዋ ሥር ካበጠች፣ እየከሳች ከሄደች የጉበት ትል ይጠረጠራል። ትኩስ እበት በጓንት ወስደው፣ ከፀሐይ ጠብቀው፣ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ክሊኒክ ያድርሱ። መድኃኒት ሲታዘዝ የደረት ልኬቷን ይንገሩ፤ ያረገዘች ከሆነም ይህንኑ አስቀድመው ይናገሩ፤ አንዳንዱ የትል መድኃኒት ለፅንስ አይስማማም።

8. ጡቷን በየአሥራ አምስት ቀኑ ይመርምሩ

በዓይን የሚታየው የጡት በሽታ ጥቂቱ ነው። ወተቱ ነጭ እንደሆነ፣ ጡቱም ሳያብጥ ምርት የሚቀንሰው ድብቁ ይበዛል። ለዚህ እ.ኤ.አ. በ1957 በካሊፎርኒያ የተፈጠረ ቀላል ምርመራ አለ፤ አራት ጉድጓድ ያለው ሰሌዳና አንድ ጠርሙስ ፈሳሽ ነው። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ጥቁር ሳህን ላይ አልበው እንክብል ወይም ደም እንዳለበት ይዩ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ጡት አንድ ሁለት ጊዜ በየጉድጓዱ ይለቡ፣ በመጠኑ እኩል ፈሳሽ ይጨምሩ፣ ሰሌዳውን ለአሥር ሰከንድ ያሽከርክሩ፣ በሃያ ሰከንድ ውስጥ ያንብቡ። እንደ ውሃ ከፈሰሰ ደኅና ነው። ከወፈረ ተጠርጥሯል። ከተጓጎለና ሲሽከረከር መሃል ላይ ከተሰበሰበ ያ ጡት ታሟል። የትኛው ጡት እንደሆነ «ፊት ግራ»፣ «ኋላ ቀኝ» ብለው ይጻፉ፤ ያን ጡት መጨረሻ ይለቡ፣ ከዚያም እጅዎን ይታጠቡ።

ፈሳሹ ከጠፋ ፓኪስታን ውስጥ በእንስሳት ሐኪሞች የተፈተነ ዘዴ አለ፦ 30 ግራም የልብስ ዱቄት ሳሙና፣ ሰው ሁሉ ኦሞ የሚለውን፣ በአንድ ሊትር ውሃ አሟሙቶ ከወተቱ ጋር እኩል መቀላቀል። አነባበቡ ያው ነው። የተመረመረውን ወተት መድፋት አይዘንጉ። በወለደች የመጀመሪያ ቀናት እንገሩ ራሱ ስለሚጓጎል ያን ጊዜ ውጤቱ አይታመንም፤ ልትነጥፍ የተቃረበችም እንዲሁ።

ስለ ኤሌክትሮኒክሱ

አንገት ላይ ታስሮ ማመስኳትን የሚቆጥር፣ እግር ላይ ታስሮ እርምጃዋን እየለካ ኮርማ መፈለጓን በስልክ የሚያስታውቅ መሣሪያ አለ። እስራኤል ውስጥ የአፊኪም ኪቡትዝ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የኤሌክትሮኒክስ ወተት መለኪያ፣ ቀጥሎም የእርምጃ መቁጠሪያ ሠርቶ ለዓለም ሸጧል። መቶ ላም ላለው ሰው ዋጋውን ይመልሳል፤ መቶ ላም በዓይን መከታተል አይቻልምና። አምስት ላም ላለው ግን ያን ገንዘብ ለድርቆሽ ቢያውለው ይሻላል።

9. ሐኪሙ ሲጠራ ደብተሩ ይቅረብ

ሲደውሉ «ላሜ ታማለች» ብቻ አይበሉ። የጠዋቱን ሙቀት፣ የሦስት ቀን ወተቷን፣ የወለደችበትን ቀን፣ የእበቷን ሁኔታ ያንብቡለት፤ ሐኪሙ ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት ከዚያ ያውቃል። መድኃኒት ከወጋ ስሙን፣ መጠኑን፣ ወተቱ ለስንት ቀን እንደማይሸጥ ጠይቀው በቀይ ይጻፉ። አላቢውም ያንን ቀይ ጽሑፍ ያንብብ።

የአባ ሰንጋና የአባ ጎርባ ክትባት በየዓመቱ ይሰጣል፤ ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ሕክምና ኢንስቲትዩት ነው የሚያመርተው። የተከተቡበትን ቀን በየገጹ ያስፍሩ።

ምንም ሳትታመም ድንገት ሞታ የተገኘች፣ ከአፍንጫዋ ወይም ከፊንጢጣዋ የማይረጋ ጥቁር ደም የሚፈሳት ከብት ካለች አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። በሬሳዋ ላይ ቢላ እንዳያሳርፉ፤ ቆዳዋን አይግፈፉ፣ ሥጋዋን ለቅርጫም ለውሻም አይስጡ። በሽታው ሰው ይገድላል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ሌሎቹን ከብቶች ከቦታው ያርቁና በዚያው ሰዓት ለወረዳዎ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይደውሉ።